የዓመቱ ምርጥ መምህርት

መምህርት ራሄል ወገዳ በምትባል የገጠር ከተማ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት» ስትል ይኸው ስምንተኛ ዓመቷ። ዘዴዋም አንድ ነው፤ ሦስት ተማሪዎች ከሰሌዳው ፊት ታቆምና በቁመት ታስተያያለች። ረጅሙ ይኩራራል፣ አጭሩ ያቀረቅራል፣ ክፍሉ ይስቃል። ዛሬ ግን ሳቁ ቀርቶ ጠመኔ ማንሳቱም ታክቷታል።

የዝውውር ውጤት የሚነገረው ዛሬ ነው። ከባሏ ከተለያየች በኋላ ብቻዋን ማሳደጉ አልሆን ቢላት፣ ልጇን ሕሊናን እስቴ ለሚኖሩት እናቷ ሰጥታለች። ሕሊና አሁን አምስት ዓመቷ ነው። አያቷን «እማ»፣ እናቷን «ራሄል» ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ልጅቱን ባየ ቁጥር «ከአያትሽና ከእናትሽ ማንን ትወጃለሽ?» እያለ ይጫወትባታል። ራሄል ግን መልሱን ስለምትፈራ አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። ዘንድሮ ወደ እስቴ ካልተዛወረች ልጇ ጨርሳ እንደምትርቃት ታውቃለች።

በእረፍት ሰዓት ርእሰ መምህሩ አቶ ደመቀ አስጠሯት።

«በነጥብ አንደኛ የወጣሽ አንቺ ነሽ» አሏት ዓይኗን ሳያዩ። «በአገልግሎትም በሥራ አፈጻጸምም የሚስተካከልሽ የለም።»

«ታዲያ ተዛወርኩ?»

«እንዲያው ምን ልበልሽ? ምትክ ካልተገኘ አትለቀቅም ተባለ። የእንግሊዝኛ መምህር ከየት ይምጣ? ሁለተኛ የወጣው የስፖርት መምህሩ ነው፤ እሱ ተፈቀደለት።»

ይህን ብለው ከመሳቢያቸው የምስጋና ወረቀት አወጡ። «የዓመቱ ምርጥ መምህርት» ይላል፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። እንዲህም ያለ ሽልማት አለ! ስምንት ዓመት ሙሉ ለግማ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ሻንጣዋን እያሰናዳች ነበር። ራሄል ወረቀቱን ተቀብላ፣ አመስግና ወጣች። ለመቆጣት እንኳ አቅም አላገኘችም።

ግቢው ጥግ ቆማ እስቴ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሕሊና ናት።

«ሕሊናዬ፣ ዝውውሩ አልሆነም። ለክረምቱ ብቻ ነው የምመጣው።»

«ራሄል፣ ከእኔና ከተማሪዎችሽ ማንን ትወጃለሽ?» አለቻት።

«አንቺን ነዋ! ከሁሉም አብልጬ አንቺን!»

«ታዲያ ለምን ከእነሱ ጋ ትኖሪያለሽ?»

ደወሉ ተደወለ። ራሄል ቀጣዩ ክፍል ስትደርስ፣ ሦስት ልጆች ሳትጠራቸው ወጥተው በቁመታቸው ተሰልፈው ጠበቋት።