እጅ በእጅ የተሰጠ

የቁልፍ ሠሪው ሚስት ወደ ጠበቃዋ ቢሮ ስትመጣ ስድስት ጠበቆች ፊታቸውን አዙረውባት ነበር። ሰባተኛዋ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የምትሠራ፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት። የምትይዘው የፍቺና የውርስ ጉዳይ እንጂ የነፍስ ግድያ አልነበረም።

«የኔ እህት፣ ባሌ አይጥ እንኳ በወጥመድ ስትያዝ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው» አለች ሚስትየዋ፣ ቁጭ በይ ብትባልም ሳትቀመጥ።

ወሬውን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ሴቶች በየቤታቸው ታንቀው ተገኝተዋል፤ አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ሁለተኛዋ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ሦስተኛዋ የጥርስ ሐኪም ረዳት። ሦስቱም ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሦስቱም የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ በየትም ሱቅ በሚገኝ ተራ ሲባጎ ነው። በር አልተሰበረም፤ ዕቃ አልተነካም። ፖሊስ በሦስቱም በሮች ላይ የአንድ ቁልፍ ሠሪ ስልክ ቁጥር ተለጥፎ ሲያገኝ፣ ሰው ሁሉ «ተገኘ!» አለ። የሱቁ መስኮት በዚያው ቀን በድንጋይ ረገፈ።

ጠበቃዋ እስር ቤት ሄዳ አነጋገረችው። ጣቶቹ በብረት ፍቅፋቂ የጠቆሩ፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው።

«ሦስቱንም እንዴት አወቅካቸው?»

«ጠርተውኝ ነዋ! ልብስ ሰፊዋ ቁልፏ ጠፍቶባት ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ግን ብቻዋን የምትኖር ሴት ሁሉ ፈርታ ትጠራኝ ጀመር። መጨረሻ የሞተችውማ ሰንሰለት አስገጠመችኝ። ስጨርስ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ከእንግዲህ ለአንተም ቢሆን አልከፍትም› ብላ ሳቀች።»

ጠበቃዋ በማግስቱ የመጨረሻዋን ሟች፣ የሐኪም ረዳቷን ቤት ልታይ ሄደች። አከራይዋ፣ ወገባቸውን በሻርፕ ያሰሩ ትልቅ ሴት፣ በሩን ከፍተውላት እሳቸው ከደፉ ማለፍ አልፈለጉም። ሰንሰለቱ በቦታው ተንጠልጥሏል። አልተበጠሰም፣ አልተጫረም፣ አንዲት ብሎን እንኳ አልላላችም። ጠበቃዋ ሁለት ሦስት ጊዜ አገባችው፤ አወጣችው። ከውጭ ሆኖ ሊያወልቀው የሚችል ሰው የለም።

«ለማን ነበር የምትከፍተው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ለማንም! እኔን እንኳ በስንጥቁ ነበር የምታናግረኝ። እናቷ ከመቃብር ተነስተው ቢያንኳኩ መታወቂያ ትጠይቃቸው ነበር።»

እንዲህ የፈራች ሴት በገዛ እጇ ሰንሰለቷን አውልቃለች። ጠበቃዋ ይህን እያሰበች ደረጃውን ስትወርድ፣ በየፎቁ ያሉት የተዘጉ በሮች ሁሉ እሷን የሚያዩ መሰላት።

ጉዳዩን የያዘው መርማሪ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው። «አንቺ ደግሞ ከባልና ሚስት ጠብ ተነስተሽ እዚህ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አላት፤ ቢሆንም በየቤቱ የተገኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ሰጣት። መነጽር፣ መቀስ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የተጀመረ ሹራብ። ከሦስቱም ዝርዝር ውስጥ ግን አንድ ዓይነት መስመር አገኘች፦ «የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ አንድ።»

«ይህንን አይታችኋል?»

«መጥሪያ የሌለበት ቤት አለ እንዴ?» አለ መርማሪው። «የዚህ ከተማ ሰው ግማሹ ከሳሽ፣ ግማሹ ተከሳሽ ነው።»

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ጠፋ። ቀጥ ብላ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች፤ የሦስቱን ሴቶች መዝገቦች አስወጥታ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ካለችው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው።

መጥሪያ ሁለት ቅጂ ነው። አንዱ ከባለጉዳዩ ዘንድ ይቀራል፤ ሁለተኛው ከጀርባው ተፈርሞበት ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ሦስቱም ሴቶች ፈርመዋል። ከፊርማቸው ሥር፣ በመስመር የተሰመረ በሚመስል ጽሕፈት፣ «ለባለጉዳይዋ እጅ በእጅ ሰጥቻለሁ» ይላል። ቀኑ አለ፤ ሰዓቱ አለ። የልብስ ሰፊዋ ቀን የሞተችበት ቀን ነው። የመምህርቷም። የሐኪም ረዳቷም።

ረዳቷ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ተካስሳ ነበር። ጠበቃዋ መዝገቡን ገልብጣ የመጨረሻውን ትእዛዝ አነበበች። ተከራካሪዎቹ ታርቀዋል፤ መዝገቡ ተዘግቷል። መጥሪያው የተጻፈው መዝገቡ ከተዘጋ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያቺን ሴት የጠራት ዳኛ አልነበረም።

ጽሕፈቱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። የመጥሪያ አድራሹ ጽሕፈት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው። ወረቀት ለጎረቤት ወይም ለዘበኛ ሰጥቶ ስለማያውቅ የፍርድ ቤቱ ሰዎች «ጋሽ እጅ በእጅ» ይሉታል። ለእሷም ስንት መቶ መጥሪያ አምጥቶላታል። የእናቷን ጤና ሳይጠይቅ ሄዶ አያውቅም።

«የኔ ልጅ፣ እነዚህን ደግሞ ምን ፈለግሽባቸው?»

ከኋላዋ ቆሟል። ሲገባ ኮቴው አልተሰማትም።

«አይ ጋሼ፣ እንዲሁ... ለቁልፍ ሠሪው መከላከያ።»

ዓይኑ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሄደ፤ ከተዘጋው መዝገብ ላይ ትንሽ ቆየ። እጁን ሰዶ ከዳር የወጣችውን አንዲት ገጽ አስተካከለና ማሰሪያውን ሲባጎ በዝግታ ቋጠረው። ሦስቱ ሴቶች የታነቁበት ዓይነት ተራ ሲባጎ ነው።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አለ። «ዛሬም ብቻቸውን ናቸው?»

«ደህና ናት» አለች።

ከሄደ በኋላ መዝገቦቹን አቅፋ፣ የመዝገብ ሹሙ ጩኸት እየተከተላት፣ መንገዱን ተሻግራ መርማሪው ቢሮ ገባች። መርማሪው የመጥሪያዎቹን ጀርባ አንድ በአንድ አነበበ። የፌዝ ፊቱ ጠፋ። ወደ ፍርድ ቤቱ ሲደውል፣ ጋሽ እጅ በእጅ ቦርሳውን ይዞ ለሥራ መውጣቱን ነገሩት። ሃያ ደቂቃ ሆኖታል።

ጠበቃዋ ወደ ቤት ደወለች።

«እማዬ?»

«አንቺ ልጅ፣ በጥሩ ሰዓት ደወልሽ! መጥሪያ ይዞልሽ የመጣ ሰው አለ። ካልፈረሙልኝ አልሄድም ብሎ ተቀምጧል። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!»

መርማሪው የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ቆመ። እሷ ግን በእጇ ጠብቅ አለችው።

«እስቲ አቅርቢልኝ፣ እማዬ።»

«አቤት፣ የኔ ልጅ» አለ የሰውየው ድምፅ። ለስላሳ ነው፤ አይቸኩልም። «አይዞሽ፣ እማማ ደህና ናቸው። በሩንም ከውስጥ ቀርቅሬላቸዋለሁ። ዘመኑ ክፉ ነው።»

ሰውየውን ብትለምነው፣ ብትጮህ፣ ብታስፈራራው እናቷ አለቀላቸው። ሦስቱ ፊርማዎች ትዝ አሏት፤ ሦስቱም ሴቶች ከመሞታቸው በፊት በስማቸው ለወጣ ወረቀት በገዛ እጃቸው ፈርመዋል። ይህ ሰው ደንብ አይዘልም።

«ጋሼ፣ መጥሪያው በማን ስም ነው?»

«ባንቺ ነዋ።»

«እንግዲያው እናቴ ልትፈርም አትችልም። ሌላ ሰው ከፈረመ እጅ በእጅ አልተሰጠም ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርገው አያውቁም።»

የእናቷ ኩባያ ሲቀመጥ ተሰማት።

«እውነትሽን ነው» አለ። «እጠብቅሻለሁ። አትቆዪ።»

በመኪናው ውስጥ መርማሪው «ብቻሽን አትገቢም» አላት።

«በሩ ብረት ነው። እስክትሰብረው እናቴን ትቀብራለህ። እኔን ብቻ ነው የሚያስገባኝ።»

መዝገቦቹን በሁለት እጇ ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። መርማሪውና ሁለት ፖሊሶች ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድግዳውን ተጠግተው ተከተሏት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ በክርኗ አንኳኳች። መቀርቀሪያው ተንሸራተተ።

ኮቱን ቆልፏል። ቦርሳው በትከሻው ነው፤ ቀኝ እጁ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል። ከጀርባው እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ የቤት እንግዳ እንደተቀበለ ሰው ፈገግ ብለዋል።

«ግቢ፣ የኔ ልጅ። በሩን ልዝጋው።»

አንድ እግሯን አስገባችና እጆቿን ለቀቀች። ሦስቱ መዝገቦች ደፉ ላይ ወድቀው ተበተኑ፤ ወረቀቱ እስከ ደረጃው ድረስ ተንሸራተተ።

ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ! ኧረ! የፍርድ ቤት ወረቀት መሬት ላይ?» እጁን ከቦርሳው አውጥቶ ተንበረከከ። ገጾቹን በየቁጥራቸው መሰብሰብ ጀመረ፤ አንዷን አቧራ ነክቷት ኖሮ በእጅጌው ጠረጋት። መርማሪው ደርሶ ክንዱን ሲጠመዝዘው እንኳ ከሌላው እጁ ወረቀቶቹን አልለቀቀም።

ከቦርሳው ውስጥ በክንድ ልክ የተቆረጠ ሲባጎ ወጣ። ሁለት ቁራጭ ነበር። ጠበቃዋ ሁለቱን አየችና ሄዳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

እናቷ ለብዙ ቀን አላመኑም። «ሰውየው እኮ ሻይ ሲጠጣ መርቆኛል» ይላሉ። ነገሩ የገባቸው ቀስ በቀስ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው «እኔ ነኝ» ብትልም «እኔ ማን?» ሳይሉ አይከፍቱም።

ሰውየው በምርመራ ጊዜ ለምን እንዳደረገው አልተናገረም። መርማሪው ሦስት ቀን ሙሉ ቢወጣ ቢወርድ ከአፉ የወጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «መዝገቦቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ ወይ?» አለ።

ቁልፍ ሠሪው ተለቀቀ። ሱቁን ከፈተ፤ መስኮቱን አሠራ። ግን የደወለለት ሰው የለም። የሱቁን በር ያየ ሰው መንገድ ተሻግሮ ያልፋል። በመጨረሻ የብረት አልጋ ብየዳ ሥራ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ለጠበቃዋ ስትነግራት «ተፈታ እንጂ አልነጻም» አለቻት።

መርማሪውና ጠበቃዋ ግን ሥራው አላለቀላቸውም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መጥሪያ ከመደርደሪያ እየወረደ ይመረመር ጀመር። በመጀመሪያው ወር ሁለት ሴቶች ተገኙ፤ በልብ ሕመም ሞቱ ተብለው የተቀበሩ። ከዚያ በኋላ ጠበቃዋ በተዘጋ መዝገብ መጥሪያ የወጣባቸውን ሰዎች ስልክ እየፈለገች፣ በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ በየቀኑ ትደውል ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአንዲት አሮጊት ቁጥር ደወለች። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሳ። ጠበቃዋ ራሷን አስተዋውቃ፣ ከፍርድ ቤት ወረቀት የሚያመጣ ሰው ወደ ቤታቸው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀች።

«መጥቶ ነበር እንጂ» አሉ አሮጊቷ። «መነጽሬ ተሰብሮ ነበርና መፈረም አቃተኝ። ‹ግድ የለም፣ እስኪሠራልዎት እመለሳለሁ› ብሎኝ ሄደ። መነጽሩ ከተሠራ ይኸው ወር አለፈው። በየቀኑ በሩን ገርበብ አድርጌ እጠብቀዋለሁ፤ ምነው ቀረብኝ?»