የእትዬ ቁልፎች

ምላጭ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት ደንበኞች ናቸው። ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሷ አይደናቀፍም፤ በጠመኔ ባሰመረችው ላይ ሽው ነው። የልብስ ስፌት ቤቱ የሁለት እህትማማቾች ነው፤ ምላጭ ትቆርጣለች፣ ታላቋ ትሰፋለች። ታላቋን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። እናታቸው ታማ ከተኛች ጀምሮ ምላጭን ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች፣ ለምላጭ እትዬ ማለት እህትም እናትም ናት።

እትዬ የምትኮራበት አንድ ሙያ አላት። ደንበኛ ቁልፉ የወደቀበት ኮት ሲያመጣ፣ ከጠርሙሶቿ ውስጥ ቁርጥ እሱን የሚመስል ፈልጋ ትተክልለታለች። ያው አይደለም፣ ይመስላል እንጂ። «ሰው የራሱን ልብስ መች አይቶ ያውቃል» ትላለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ምላጭ በሳቅ ትፈርሳለች። ያኔ ያስቅ ነበር።

የምላጭ ልብ በሆነ ባልሆነው መሮጥ የጀመረው አምና ነው። ቁጭ ባለችበት ደረቷ ድም ድም ይላል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጋደም ስትል ደግሞ ይብስባታል፤ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ይነጋል። ሐኪሙ ደሟን መረመረ፣ የልቧን ምት በመሣሪያ አየ፣ በሽታ ግን አላገኘም።

«ጭንቀት ልብን ያስሮጣል» አላት። «ልብሽ ሲሮጥ አንቺ ይበልጥ ትጨነቂያለሽ፣ እንቅልፍ ስታጪ ደግሞ ሁለቱም ይብሳሉ። አንዱ ጋ ማስቆም አለብን።» የልብ ምት የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘላት። «ሲሻልሽ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። በአንዴ ማቆም ግን የለም፤ ከበፊቱ ብሶ ነው የሚነሳብሽ።»

እትዬ አብራት ተቀምጣ ነበር። የሐኪሙ ጋውን ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎ፣ ዓይኗም ሐሳቧም እዚያ ላይ ነበር።

ክኒኑ ሠራ። ልቧ አደብ ገዛ፣ እንቅልፏም ተመለሰ። ክኒኑን ጠዋትና ማታ የምትሰጣት እትዬ ናት፤ ሲበዛ ስለሚመር ምላጭ ምላሷን ሳይነካ በወተት ታወርደዋለች።

ከዚያ ድንገት አገረሸባት። መድኃኒቷን ሳታዛንፍ እየወሰደች ልቧ ከፊተኛው ብሶ ተነሳ፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። እትዬ መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፍና «ምንም የለሽም፣ እኔ ልሙትልሽ፣ ሐሳብ ነው» ትላታለች። «ሐኪም ቤት ልመለስ?» ስትላት፣ «መድኃኒቱ እያለልሽ ምን ሊጨምርልሽ?» ብላ ታስቀራታለች።

አንድ ቀን የሙሽራ ሱፍ ስትቆርጥ እጇ ከዳት። መቀሱ ከመስመሩ አልፎ እጅጌውን በላው። እትዬ አልተቆጣችም፣ መቀሱን አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት እንጂ። «እስኪሻልሽ እኔ ጋ ይቀመጥ» አለች።

ቅስሟ ተሰበረ። መቀስ የተነጠቀች ምላጭ ምኗ ምላጭ ነው? ጥግ ተቀምጣ የሱሪ ጫፍ እየቀመቀመች፣ አእምሮዬን ልስት ነው ብላ አመነች። የሚያንገበግበው ይኼ ነው፤ አመነች።

አንድ ጠዋት ወተቱ ገንፍሎ አለቀ። እትዬ ክኒኑን ከብርጭቆ ውኃ ጋር አስቀምጣላት ወደ ስፌቷ ሄደች። ምላጭ ውኃውን ስትጎነጭ ክኒኑ ምላሷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ኮመጠጣት፣ ከዚያ ጣፈጣት፤ የልጆች ከረሜላ ነው የሚመስለው። መዳፏ ላይ ተፋችና አገላብጣ አየችው። ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ። ያው ነው። ፋርማሲው ተሳስቶ ይሆናል ብላ ወደ እትዬ ወሰደችው።

«እትዬ፣ ይሄ ክኒን አይመርም።»

እትዬ ከንፈሯ መሀል ቁልፍ ይዛ ነበር። የስፌት መኪናው ቆመ። ቁልፉን ከአፏ አወጣችው እንጂ፣ ምን ማለትሽ ነው ብላ አልጠየቀችም። ምላጭ ክው ያለችው ያኔ ነው።

«ቫይታሚን ነው» አለች እትዬ። «አይጎዳሽም።»

«የኔውስ የት ሄደ?»

እትዬ በዓይኗ መደርደሪያውን አሳየቻት። ምንም ነገር የመጣል ልማድ የላትም፤ የምላጭ ክኒኖች የሸሚዝ ቁልፍ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከነጫጮቹ ቁልፎች ጋር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል።

«ተሽሎሽ ነበር እኮ» አለች። «እማዬን ረሳሻት? ክኒን ለምዳ፣ ቀን ከሌት ተኝታ፣ ስሜን እንኳ ሳታውቀው ነው የሞተችው። አንቺንም እንደዚያ ልጣሽ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ መች ትሰሚኛለሽ።»

«ደረቴ ላይ እጅሽን ስታደርጊ፣ ምቱ ይሰማሽ ነበር?»

«ይሰማኝ ነበር።»

«እያወቅሽ ነው ሐሳብ ነው ያልሽኝ?»

«ያልፋል ብዬ ነው፣ የኔ እናት» አለች እትዬ፣ አንገቷን ደፍታ።

ክኒኑንስ ምላጭ ይቅር ልትላት ትችል ነበር፤ የእናታቸውን ነገር እሷም አትረሳውም። ዓይን ዓይኗን እያየች የገዛ አእምሮዋን እንድትጠራጠር ማድረጓ ግን አንጀቷን ቆረጠው። መቀሱንም የነጠቀቻት ያቺው እጅ ናት።

ሐኪሙ ጋ ብቻዋን ሄደች። ሰምቷት ራሱን ነቀነቀ። «አላበድሽም» አላት። «ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል።» ክኒኑን እንደገና አስጀመራት፣ ሰውነቷም ቀስ እያለ ተረጋጋ። እጇ ሲጸና እትዬ መቀሱን አስላ፣ ዘይት ቀብታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችላት። ምላጭ ዛሬም ሽው አድርጋ ትቆርጣለች፣ ደንበኞችም ጤናዋ መመለሱን ያወራሉ።

እትዬ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ወተቱን ይዛላት ትመጣለች። ክኒኑ አሁን ከምላጭ ኪስ ነው የሚወጣው፤ እንዲያም ሆኖ ምላሷ ላይ ታስቀምጠውና አፏን ገጥማ ትጠብቃለች።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትቀምሺው?» አለቻት እትዬ አንድ ቀን፣ ብርጭቆውን እንደያዘች።

ክኒኑ ገና መምረር ስላልጀመረ፣ ምላጭ አፏን አልከፈተችም።