አውራ ጣት ያለበት ፎርማ

ፋብሪካው ዋጋ ላከ። መስታወቱ ርካሽ ነው። ፎርማው ግን አናት ያዞራል። ፎርማ ማለት የቀለጠው መስታወት የሚገባበት ብረት ነው። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይከፈልበታል። የሚገድለው ያ አንዴ ነው።

አርባ የመብራት መስታወት፣ ለሆስፒታል ኮሪደር። ትዕዛዙ ካመለጠኝ የመብራት ሱቄ ይዘጋል። እናቴ የምትኖረው ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ነው።

ፋብሪካው ድረስ ሄድኩ። ግምጃ ቤቱን የያዙት ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል።

«አባባ፣ አዲስ ፎርማ አልችልም። የተጣለ አሮጌ የለም? መስታወቱ መብራቱ ላይ ለሚይዘው የብረት ቀለበቴ ካልሆነ፣ ቀለበቴን ለመስታወቱ እሞርደዋለሁ።»

«ብልጥ ነሽ» አሉ። «ብልጥ ሰው ግን አቧራ ይበላል። ግቢ።»

የቀለበቱን ስፋት ነገርኳቸው። ወዲያ ወዲህ አላሉም፣ አልለኩም። ቀጥ ብለው ሄደው ከታችኛው መደርደሪያ አንዱን ጎተቱ። ጆንያው ሲገለጥ ብረቱ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነገር አየሁ። የአውራ ጣት ቅርጽ። ሰፊ፣ ወደ ግራ ያዘመመ።

ጎንበስ ብዬ ጣቴን አስገባሁበት።

«የማን እጅ እንደሆነ አልጠፋሽም» አሉ።

ወንድሜ እዚህ ፎርማ ሠሪ ነበር። ይሄንን የሠራው ለኔ ነው፣ ከሰባት ዓመት በፊት። ናሙና መስታወቱን ሲያመጣልኝ የጣቱን ጉብታ አየሁና «ይሄ ጠባሳ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ወደ ላይ ማለት ነው፣ እታለም። ገጣጣሚው በጨለማም በዳሰሳ ያውቀዋል። ተገልብጦ ከገባ ይሰነጠቃል።»

«ሥራ አበላሽተህ ደግሞ ስም ታወጣለታለህ? ውሰድልኝ!»

ወሰደው። ሥራውን ለሌላ ፋብሪካ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጠም። በሁለተኛው ዓመት ሳንባውን ታሞ ሞተ። የደረስኩት ለቀብሩ ነው።

ሽማግሌው ጎድጓዳውን በጨርቅ ጠረጉ። «በብየዳ ሞልተን እናለሰልሰዋለን። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አላስከፍልሽም።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። «ይቆይ» የሚል ወጣ።

ናሙናው መጣ። ሞረድ አላስፈለገም። ቀለበቱ ውስጥ ቁጭ አለ። በኔው ልክ ነበራ የተሠራው።

የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሺያን ሊያይ ሱቄ መጣ። አበራሁ። ግድግዳው ላይ የአውራ ጣት ጥላ ወጣ፤ የሰው ራስ ያህላል። ወደ ግራ ያዘመመ። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«መጣ እንዴ?» አለች።

ዓይኗ ጥላው ላይ ነው።

ሰውዬው አገጩን አከከ። «እህቴ፣ ውሉ ንጹሕ መስታወት ነው የሚለው። ይሄ እንከን አይደለም?»

«ይጠፋል» ብል ጉዳዩ ያልቃል። ግማሽ ቀን። ትዕዛዙ የኔ ነው።

«ወደ ላይ ማለት ነው» አልኩ። «ገጣጣሚው በጨለማም በዳሰሳ ያውቀዋል። ተገልብጦ ከገባ ይሰነጠቃል።»

ቃል በቃል። አነጋገሬ ሁሉ የወንድሜ ሆነብኝ።

ሰውዬው መስታወቱን አወጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አዟዟረ። ጣቱ ጉብታው ላይ አረፈ። ሳይገልጥ መልሶ ገጠመው። ልክ ገባ።

«እና እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለ። «አርባውንም እንዲሁ አድርጉልኝ።»

ፈርሞ ወጣ። እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድኩ።

«አታጥፊው» አለች እናቴ። «ትንሽ ይቀመጥ።»

ወንበር አመጣሁላት።