ሊንኩ ያለው ሁሉ

ሰቆጣ ላይ የካህናት ካባና የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ እንሰፋለን፤ እኔና የእናቴ ወንድም መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ። የኔታ ነው የምላቸው። እሳቸው የጥልፉን ሐረግ ይነድፋሉ፣ እኔ በመኪና እሰፋለሁ፣ ትእዛዝም እቀበላለሁ። የስእለት መጋረጃ ሲሆን የተሳለው ሰው የክርስትና ስም ከገበሩ ውስጥ ይጠለፋል፤ ከውጭ አይታይም። በእኛ አገር የክርስትና ስምህን ቄስህና ቤተሰብህ ካወቁት በቂ ነው። ከእናትህ ስም ጋር ክፉ ሰው እጅ ከገባ ድግምት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። እኔ ኮሌጅ ተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሲያወሩ እስቃለሁ። እስቅ ነበር ልበል።

ያለፈው ክረምት ስልኬ ውኃ ገባበትና ትእዛዙ ሁሉ ከነስሙ ጠፋ። ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ስሙን እንደገና በጆሮዬ ሲያንሾካሹክልኝ በኀፍረት አለቅሁ። ሥራውን ወደ ክላውድ፣ ኢንተርኔት ላይ ወደሚቀመጥ ፋይል፣ ላስገባ ያልሁት ያኔ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግነው አንዷለም ሁለት ዓይነት አሳየኝ። በአንዱ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንትና ፓስወርድ ከሌለው ፋይሉ አይከፈትለትም። በሌላው፣ ሊንኩ ያለው ሁሉ ይከፍታል፣ ይጽፋልም።

«የመጀመሪያውን ያዢ» አለኝ አንዷለም። «የያዝሽው የሰው ስም ነው።»

«ጽጽቃ ያሉት እትዬ ደጅይጥኑስ?»

ጽጽቃ ካለችበት ከዝቋላ ወረዳ ሰዎች ትእዛዝ የሚሰበስቡልን እሳቸው ናቸው። የስልካቸውን መክፈቻ እንኳ ጎረቤት የሚያስታውስላቸው ሴት ናቸው፤ ፓስወርድ እያልሁ ላሠቃያቸው? ቀላሉን መረጥሁ። አንዷለም ከንፈሩን መጠጠና ሄደ።

ወለተ ማርያም የማትባል ሴት ስለሌለች፣ አንዷን ከሌላዋ ለመለየት የእናትም ስም እንይዛለን። በፋይሉ ውስጥ የራሴም ስእለት አለ። ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። አሁን ሦስተኛውን ይዣለሁ፤ ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም፣ ሆዴን በነጠላ ሸፍኜ ነው የምውለው። በሰላም ከተገላገልሁ መጋረጃ አገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። የክርስትና ስሜንና «ለማሕፀኔ ፍሬ» የሚለውን ጻፍሁ፤ የእናት ስም የሚለውን ሣጥን ግን ባዶ ተውሁት። እንግዲህ እየሳቅሁም ቢሆን ተውሁት። ስሜን እዚህም አልጽፈውም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የኔታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። በኮምፒውተሩ የፃግብጂ ወረዳን ትእዛዝ ስፈልግ ከላይ ጥግ ላይ አንዲት ክብ ምልክት ብቅ አለች። «ያልታወቀ ሰው» ትላለች። ፋይሉን ከእኔ ጋር ሌላ ሰው ከፍቶታል። እትዬ ደጅይጥኑ ይሆናሉ ብዬ ደወልሁ።

«እኔ? ማሳ ላይ ነው የዋልሁት፤ ዛሬ ምንም አልከፈትሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ሊንኩን ለማን ሰጡት?» ስል መስመሩ ተቋረጠ።

የሰውየውን ቦታ የምታሳየው ባለ ቀለም ጭረት በስሞቹ መካከል ትወርዳለች። ትቆማለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ሰው ይመስላል። የማንን ስም ነው የሚፈልገው? የእኔ ረድፍ ላይ ደረሰችና ቆመች። አላልፍ አለች። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝሁ። ፈራሁ። «እለፍ! እለፍ እንጂ!» እያልሁ በኮምፒውተር ላይ እጮኻለሁ። ኮሌጁም ሳቁም የት እንደገቡ እንጃ። ሊንኩን ልዘጋ ስል ኔትወርኩ ሄደ። ገጹ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ጭረቷም ስሜ ላይ እንደተተከለች።

ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ደጅ ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ኔትወርኩ ሲመጣ ያልታወቀው ሰው የለም። ባዶ የተውሁት ሣጥን ግን ባዶ አልነበረም። የእናቴ የክርስትና ስም ተጽፎበታል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ያን ስም በሕይወት ሳለች ለጎረቤት እንኳ አላሰማችም።

የኔታ ሲገቡ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኙኝ።

«ምን ሆንሽ አንች?»

«የኔታ፣ አንድ ሰው ገብቶ የእናቴን ስም ጻፈብኝ።»

ፊታቸው በራ። «እኔ ነኝ እንጂ! ባዶ ትተሽው ባይ ሞላሁልሽ። የእናትሽ ስም ሳይነሣ ምን ስእለት አለ? በሰላም ያገላግልሽ ልጄ። ግን ለምን ደበቅሽኝ?»

እፎይ አልሁ። እጃቸውን ስሜ አለቀስሁ፣ ሳቅሁም። ቆይቶ ነው ነገሩ የመጣልኝ፤ የኔታ ሊንኩን ከእኔ ተቀብለው አያውቁም።

«ከየት አግኝተው ከፈቱት?»

«ከቴሌግራሙ ነዋ። ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዩ ብላ ደጅይጥኑ በደብሩ ቻናል ላይ ለጥፋዋለች። ይኸው።»

ስልካቸውን ተቀበልሁ። ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ሰው ያለበት ቻናል ነው። ከሊንኩ ሥር ስንት ሰው እንዳየው የሚናገር ቁጥር አለ፤ እጄ ላይ እያለ ጨመረ።

ሮጬ ሊንኩን ዘጋሁት። «ተዘግቷል» አልኋቸው።

የኔታ ቁጥሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ምን እንዳደረጉ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ስሜን ከእናቴ ስም ጋር ያጋጠሙት በገዛ እጃቸው ነው። በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ።

«ያነበበውስ ሰው?» አሉኝ።

እንዲህ ሲሉ ሁልጊዜ የምስቅባቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን «አይዞዎት፣ ተረት ነው» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣልኝም።