የነጂው ማጅራት

ጀልባ ነጂው በዚያ ሐይቅ ላይ ስንቱን ሰው ጎትቷል! ከጎተታቸው ሰዎች አንዱንም ግን ውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም አላየም። ይህን ሲናገር ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የነጂ ዐይን ወደ ፊት ነው። መንሸራተቻ ተጫምቶ፣ በጀልባዋ ላይ የታሰረ ገመድ ይዞ ከኋላ ውሃው ላይ የሚንሸራተተውን የሚከታተለው ሌላ ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ተመልካች። እሱ "ወደቀ!" ሲል ነጂው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የወደቀው ሰው ጀልባዋ አጠገብ ሳይደርስ ሞተሩን ያጠፋል።

ዛሬ ገመዱን የያዘችው የገዛ ልጁ ናት።

እግሯ በመኪና አደጋ ከተሰበረ ወዲህ ሐኪሙ "አሁን ትችያለሽ" ቢላትም እሷ እግሯን አላመነችውም። ጠዋት ሁለቴ ሞክራ ሁለቴም ወደቀች። "አሁን ካልቆምኩ ሁለተኛ ውሃ አጠገብ አልደርስም" ብላለች፤ ይህች ልጅ ደግሞ አልኩ ካለች አለች ነው፣ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አይጠየቅም።

አባትየው ከፊቱ ያለችውን ኋላን የምታሳይ ትንሽ መስታወት ወደ ታች ደፋት።

"ምነው?" አለች ተመልካች ሆና የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ።

"እትዬ፣ አንዴ ካየኋት ዐይኔ አይመለስልኝም። አንቺ ንገሪኝ።"

"ታዲያ እኔ እዚህ የተጎለትኩት ለምን ሆነና! ዝም ብለህ ንዳ።"

ገመዱ እስኪወጠር ቀስ ብሎ ነዳ። "ሂድ!" የሚል የልጁ ድምፅ ከኋላ መጣ። ሞተሩ አገሳ። ጀልባዋ ተራራ የታሰረባት ይመስል ከበደች፣ መሪው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ድንገት ቅልል አለች።

ወይ ጉድ! ማንም ሳይነግረው አወቀ። ያ ሁሉ ክብደት ከውሃው ወጣ ማለት ነው፤ ልጁ ቆማለች! ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ የዚህ ሰው ልብ ግን ያለ ዐይን አየ። ሐይቁ ያው የትናንቱ ሐይቅ ነው፤ ለእሱ ግን ገና አሁን የተፈጠረ መሰለው። ዕድሜውን ሙሉ የዋለበት ውሃ ለካ ሰው ይሸከማል!

"ቆመች! ኧረ ቆመች!" እህቱ ሥራዋን ረስታ ትከሻውን ትደበድበዋለች። "ዞር በልና እያት፣ አንዴ ብቻ!"

አንገቱ ሊታዘዝላት ምንም አልቀረው። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ፊት ለፊቱን ያዘ፤ ያን ጊዜ ነው ራቅ ብሎ የአንድ ዋናተኛ ራስ ብቅ ያለው፣ ዋናተኞች ማለፍ የሌለባቸውን ተንሳፋፊ ምልክት አልፎ። ነጂው ገመዱ ሳይላላ መሪውን በሰፊው አጠፈ። ዋናተኛው በሩቁ ቀረ።

ልጅቷ ደክሟት ገመዱን ስትለቅ ዞሮ ተመለሰ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ እጇን ይዞ ወደ ጀልባዋ ሳባት። ውሃ እየተንጠባጠበባት ትስቃለች።

"አላየሁሽም እኮ የኔ ልጅ" አለ።

"አውቃለሁ አባዬ። እኔ መንገዱን ሙሉ ማጅራትህን ነበር የማየው። አክስቴ ስትደበድብህ፣ 'አሁን ሊዞር ነው፤ ከዞረ ፈርቶልኛል ማለት ነው' ብዬ ገመዱን ልለቀው ነበር። አልዞርክም፤ እኔም አልለቀቅኩም።"