ሜጢ ሰዲ ወረዳ የሆነች ጊዜ

አፊፋና ፈድሊያ ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ያደጉ እህትማማቾች ናቸው። የተዳሩት በአንድ ዓመት ነው፤ የሄዱትም ወደ አንድ አገር። ታላቂቱን አፊፋን ያገባት ሙሐመድሳኒ ቱሉ ወዴሳ በሚባለው ኮረብታ ላይ ሰፊ የቡና መሬት ነበረው። የፈድሊያ ባል ፋሂም ደግሞ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሜጢ ሰዲ በምትባል የመንገድ ዳር መንደር ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ያን ጊዜ ሜጢ ሰዲ መኪና ጎማ ካልፈነዳበት በቀር የማይቆምባት፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ የሆነች ቦታ ነበረች።

አፊፋ በታናሿ ስትቀና ያደገች ናት። አባታቸው የሚያቅፈው ፈድሊያን ነበር፣ ጎረቤቱ የሚያሞግሰው የፈድሊያን መልክ ነበር። ከተዳረች ወዲህ ግን ቅናቱ ለቀቃት። እህቷን ልትጠይቅ ስትወርድ ማርና ጎደሬ፣ እሸት በቆሎና ሙዝ በበቅሎ አስጭና ነው። ታዝንላት ነበር፤ ማዘኑም ደስ ይላት ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው ወረዳው ለሁለት ሲከፈል ነው። የድሮው ወረዳ ከተማ ገበ ሮቢ ከቱሉ ወዴሳ በላይ ካለው ተራራ ጀርባ ነው፤ ወረዳው ሰፊ፣ ሕዝቡም እየበዛ ሄዶ ዳር ያለው ሰው ለአንድ ማኅተም ውሎ ያድር ነበር። ለአዲሱ ወረዳ ከተማ ሲፈለግ ሜዳ ላይ ያለች፣ ለብዙው ቀበሌ መሐል የሆነች፣ መኪና በክረምትም የሚገባባት ቦታ ሜጢ ሰዲ ሆና ተገኘች። መብራት ገባ። ጽሕፈት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያ፣ ባንክ ተከታትለው መጡ። ባጃጆች መደዳውን ይቆሙ ጀመር። ፋሂም ከሱቁ ጎን ምግብ ቤት ከፈተ፤ የወረዳው ሠራተኛ ሁሉ ምሳውን እዚያ ይበላል። ፈድሊያም በመንገድ ስታልፍ ሰው ከወንበሩ ብድግ የሚልላት ሴት ሆነች።

በአረፋ ማግስት አፊፋ እንደ ልማዷ ጭነቷን ይዛ ወረደች። ስትመለስ ፈድሊያ በፌስታል የሞላ ልብስ አስታቀፈቻት። ብዙም አልለበስኩት፣ ለአንቺ ይሆናል አለቻት። አፊፋ አመስግና ተቀበለች። ዳገቱን ስትወጣ ግን ፌስታሉ ክንዷን እንደ ፍም ይፈጃት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ግቢዋ ስትወጣ ከታች የሚያብለጨልጨውን አዲስ ቆርቆሮ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ትጠርግ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ዕንባቆም የሚባል ባለሙያ ከዞን ወደ ቱሉ ወዴሳ መጣ። ከደቡብ መጥቶ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር የሚኖር፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሕዝቡን ከትልቁ ዋርካ ሥር ሰብስቦ ነገሩን አስረዳ። ቀበሌያችሁ ወሰን ላይ ነው፤ ከአዲሱ ወረዳ ጋር ልሁን ካላችሁ ትሆናላችሁ፣ ከድሮው ጋር ልቅር ካላችሁም ትቀራላችሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ ሜጢ ሰዲ ያዘነበሉ ይመስሉ ነበር። ቅርብ ናት፤ ከዋርካው ሥር ሆኖ የመስጊዷን ድምፅ መስማት ይቻላል።

አፊፋ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። በመንደሩ ሃደ ዙሀራ፣ የዙሀራ እናት ነው የምትባለው፤ ስትናገር ትደመጣለች። ወንዙ በክረምት ምን እንደሚያደርግ አነሣች። ባለፈው ነሐሴ የወሰደውን የአባ ጉዲናን በቅሎ አነሣች፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ማዶ እያዩ የቆሙትን ሰዎች አነሣች። ያለችው ሁሉ እውነት ነበር።

በመጨረሻም፣ «ወንዝ የለየውን ጽሕፈት ቤት አይሰበስበውም» አለች።

ሰው አጉረመረመ፣ ራሱን ነቀነቀ። እጅ ሲወጣ ቱሉ ወዴሳ ከገበ ሮቢ ጋር ቀረ። ያን ዕለት አፊፋ የጠገበች መሰላት፤ ቢያንስ በእህቷ ከተማ ደጅ አትጠናም።

በሁለተኛው ዓመት አዲሱ ወረዳ ወንዙ ላይ ድልድይ ሠራ።

የቱሉ ወዴሳ ሰው በድልድዩ እየተሻገረ ይገበያያል፤ ለመታወቂያ፣ ለመሬት ጉዳይ፣ ለማዳበሪያ ግን ተራራውን ዞሮ ገበ ሮቢ ይሄዳል፣ በንጋት ወጥቶ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ይመለሳል። አፊፋን ፊት ለፊት የወቀሳት የለም። ሙሐመድሳኒ ብቻ አንድ ቀን ከገበ ሮቢ ጭቃ ለብሶ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ የበቅሎዋ ወሬ ደህና አድርጎ ጠቀመን አላት።

ልጃቸው ዙሀራ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የውሃ ምህንድስና ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣ ነበር። የሜጢ ሰዲ ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ፈለገ፤ ቅድሚያው ግን ለወረዳው ነዋሪ ነው። ፈድሊያ ላከችባት፦ ትምጣና እኔ ጋ ትኑር፣ የከተማው መታወቂያ ታውጣ። አፊፋ እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለገች፤ አፍ አውጥቶ የሚነገር አንድም አጣች። ዙሀራ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች፣ ብዙም ሳይቆይ ተቀጠረች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ኋላ በስልክ ሆነ።

አፊፋ ስልኩን አልቻለችውም። አንድ ማክሰኞ ማር ይዛ ወረደችና በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። በረኛውን ዙሀራን ጥራልኝ አለችው።

«የቷ ዙሀራ? የፈድሊያ ልጅ?» አላት።

አፊፋም፣ «አዎ፣ እሷን» አለች።

ዙሀራ ለመስክ ወጥታ ነበር። አፊፋ ማሩን እንደያዘች እህቷ ቤት ገባች፤ የምግብ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ፈድሊያን ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘቻት። ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ከተማውስ ይሁን» አለች። «ልጄንም በስምሽ አደረግሽብኝ?»

ፈድሊያ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ዋርካው ሥር የተባለውን ሁሉ በዚያው ዕለት ማታ እንደሰማች፣ ለምን እንደተባለም እንደገባት በቀስታ ነገረቻት። እስካሁን ሳትናገር መቆየቷ ግን ከደግነት እንዳይመስላት አከለችበት።

«ወላሂ አፊፋ፣ እኔም ቀንቼብሻለሁ» አለች። «አላህ የሰጠኝ ወንዶች ሁሉ ጅማና አዲስ አበባ ቀሩ። ሴት ልጅ ቤቴ ብትገባ ብዬ ነው የላክሁባት። የፈድሊያ ልጅ ሲሏት ሰምቼ፣ አይደለችም ብዬ አላውቅም።»

አፊፋ እስካሁን የያዘችውን ማር አስቀመጠች። እህቷ የሷን እንጀራ ስትመኝ መኖሯን ሰምታ አታውቅም። ደስ አላት፣ ወዲያውም አፈረች።

እንዲህ ሳሉ ዙሀራ ጭቃ የነካው ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። እናቷን ስማ፣ ተቀምጣ፣ ምሳ እየበላች ስለ ሥራዋ አወራች። ከላይ ከምንጩ የሚወርደው ቧንቧ የቱሉ ወዴሳን እግር ታክኮ ወደ ወረዳው ቀበሌዎች ያልፋል፤ ቱሉ ወዴሳ ግን የሌላ ወረዳ ስለሆነ አይደርሰውም። ዛሬ ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ቆማ ቤታቸውን እያየች መለካቷ እንዳሳዘናት ተናገረች።

«እማ፣ ያኔ እኔ ጅማ ሳለሁ ምን ነክቷችሁ ነው? ከገበ ሮቢ ጋር ማን ነው ያስቀራችሁ?» አለች።

አፊፋ አንገቷን ደፋች። ፈድሊያ ቀደመችና፣ «ሕዝብ ነዋ የወሰነው። ያኔ ድልድይ አልነበረም» አለች፣ ለዙሀራ ወጥ እየጨመረች።

አፊፋ ቀና ብላ እህቷን አየቻት። መልኩን እሷ ወሰደች፣ ከተማውን እሷ ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ይቅር ባይነቱንም ልትወስደው ነው። ይህኛውን አልቻለችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «በአክስትሽ ቀንቼ ነው ያስቀረሁት።»

ዙሀራ ያነሣችውን ጉርሻ መልሳ አኖረች። እናቷን አልተቆጣችም፤ በልቶ መጨረስ ግን አልሆነላትም። ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። ሁለቱ እህትማማቾች ጓዳ ውስጥ ቀሩ፤ ፈድሊያ ሽንኩርቱን ስትቀጥል አፊፋም ሌላ ቢላዋ አንሥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ አፊፋ የቱሉ ወዴሳን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አስፈረመች። ለምን ሐሳቧን እንደለወጠች ለጠየቋት ድልድዩ ተሠርቷል አለቻቸው። አቤቱታውን ዕንባቆም ተቀበለ፤ ወሰን በየዓመቱ አይነካም፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ተስፋ ግን አትቁረጡ አላቸው። እስካሁን መልስ አልመጣም፤ ቧንቧው ከሥራቸው ያልፋል።

ዙሀራ ሁለት ወር ያህል ዳገቱን አልወጣችም። ከዚያ አንድ ጁምዓ ከአክስቷ ጋር መጣች። ፈድሊያ በባጃጅ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ በእግሯ እያለከለከች ደረሰች፤ ግቢው ጫፍ ቆማ ከታች ከተማዋን አየችና ከዚህ ስትታይ ታምራለች አለች።

«ታምራለች» አለች አፊፋ። ጥርሷን ነክሳ ነው ያለችው፤ ግን አለች።