ከሁለት ጫፍ የተሰረሰረው ቱቦ

ዶክተሯ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጨረር ስታሳድድ ኖራለች። እንደ እስክሪብቶ ቀፎ በቀጠነ የሴራሚክ ቱቦ ውስጥ ጋዝ ትሞላለች፤ ከባድ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ትለቅበታለች፤ ጋዙ እጅግ ግሎ ፕላዝማ ይሆንና ተጨምቆ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ከጫፉ ሞገዱ እጅግ ያጠረ ብርሃን ይወጣል። ሌዘር ይሁን የጋለ ጋዝ ወጋገን ግን ገና አልለየለትም። መለያው ቱቦውን በእጥፍ ማስረዘም ነው። ተራ ወጋገን ከሆነ ብርሃኑ እጥፍ ቢሆን ነው፤ ሌዘር ከሆነ ግን በቀጥተኛው ቀዳዳ ውስጥ በሄደ ቁጥር ስለሚጎለብት አሥር እጥፍም ያልፋል።

ረጅሙን ቱቦ የሠሩላት የወርክሾፑ አዛውንት ናቸው። ከጥንቃቄያቸው የተነሳ ሁሉም «ጋሽ ሚሊሜትር» ይላቸዋል።

ሰኞ ጠዋት ተሞከረ። እጥፍ ብቻ። ደጋግማ ሞከረችው፤ ያው እጥፍ። ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ምሳ እንኳ ሳትቀምስ «ተሳስቻለሁ፤ ሌዘር አይደለም» ብላ ለአለቃዋ መጻፍ ጀመረች።

ወሬው የደረሳቸው ጋሽ ሚሊሜትር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

«ልጄ፣ አትላኪው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የምን ጥፋት ጋሼ?»

«መሰርሰሪያዬ አጠረኝ። ከሁለቱም ጫፍ ሰርስሬ መሃል ላይ አገናኘሁት። የፀጉር ያህል ተዛንፏል። ያኔም ታውቆኝ ነበር፤ ምን ያመጣል ብዬ ዝም አልኩ።»

ልትጮህባቸው ቃጣት። ግን ደግሞ አሰበችው፤ ባይናገሩ ማን ያውቅባቸው ነበር?

«ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«ሚሊሜትር፣ ሚሊሜትር እያላችሁኝ በምን አፌ ልናገር?»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ተነፈሱ።

ረጅም መሰርሰሪያ አበጁ። ሁለት ቱቦ ተሰነጠቀባቸው፤ ሦስተኛው በዘጠነኛው ቀን ደህና ወጣ። ባትሪ አብርታ በአንዱ ጫፍ አጮለቀች፤ ጥርት ያለ ክብ ታያት።

በማግስቱ ተኮሰችው። በኮምፒውተሩ ላይ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ተመዘዘ፤ ከአጭሩ ቱቦ አሥራ አራት እጥፍ። ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይኼ ደህና ነው?» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር፣ እሷን እንጂ መስመሩን ሳያዩ።

«ሌዘር ነው ጋሼ! ሌዘር!»

ወንበር ስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እስቲ ድገሚው፤ አሁን በደንብ ልየው።»

ደገመችው።